ሕዝቡ በጥር ብርድ ወደ ውሃ ስለ ምን ይወርዳል

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 3 ከቁጥር 13 እስከ 17 እንደ ተጻፈው ጌታችን ከገሊላ ወደ ዮርዳኖስ መጥቶ በዮሐንስ እጅ ተጠመቀ። ይህንንም ለማሰብ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አገር ያለው ክርስቲያን ጥር 10 ቀን ታቦቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፤ ሌሊቱን በድንኳኑ ዙሪያ ያድራል፤ ጥር 11 ቀን ሲነጋም በተባረከው ውሃ ይረጫል፤ ጐልማሳውም ልብሱን አውልቆ ይገባበታል።

ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ በአቅራቢያቸውም የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በጥር ወር ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ትለቀዋለች፤ ስለዚህ ወሩ በጋ ቢባልም የንጋቱ ብርድ ጽኑ ነው። እንግዲህ በእሳት ዳር መቀመጥ ሲቻል ሰው ወደዚህ ውሃ ስለ ምን ይወርዳል ቢሉ፥ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ምክንያት መታሰቢያ ነው። የዋዜማው ቀን ከተራ መባሉ ውሃው ስለሚከተር ነው፤ ምንጩ ትንሽ በሆነበት አገር ሕዝቡ ወራጁን ገድቦ ለበዓሉ ይጠብቀዋል። ሌሊቱን ማሕሌት ተቁሞ ቅዳሴ ተቀድሶ፥ ሲነጋ አራቱ ወንጌል በአራቱ ማዕዘን ይነበባል፤ ከዚያም ውሃው በመስቀል ይባረካል። ጌታ በማርና በወተት ሳይጠመቅ በውሃ የተጠመቀ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ማርና ወተት በባለጠጋ ቤት ይገኛል፤ ውሃ ግን ለድኃውም ለባለጠጋውም የተሰጠ ነውና፥ መዳን ለሁሉ መሆኑን ለማጠየቅ ነው ብለው መምህራን ይተረጕማሉ። አንድም፥ ውሃ እድፍን እንዲያነጻ ጥምቀትም ኀጢአትን ያነጻል ሲል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መመለስ ነው። ስለዚህም ነገር ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል። በ1513 ዓመተ ምሕረት የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሆኖ በዓሉን አየ። በሜዳ ላይ ትልቅ ጕድጓድ ተቆፍሮ በሳንቃ ተለብጦ ውሃ ተሞልቶበት ነበር። አንድ ሽማግሌ ካህን ውርጩ በጸናበት ሌሊት እስከ ትከሻው በውሃ ውስጥ ቆሞ፥ ከብርዱ የተነሣ ለሞት እየቀረበ ሕዝቡን ያጠምቅ እንደ ነበረ ጽፏል። ንጉሡም ስለዚህ ነገር ምን ትላለህ ብሎ ቢጠይቀው፥ አልቫሬዝ በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው አንዲት ጥምቀትን ነው ብሎ ተቃወመ። ንጉሡ ግን መልሶ፥ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ሃይማኖቱን ለውጦ የነበረ፥ ኋላም ተጸጽቶ የመጣ ሰው በምን ይድናል ብሎ ጠየቀው። ይህም ሥርዐት ብዙ ነፍስ እንዳትጠፋ በአያቱ ዘመን በሊቃውንት ምክር የተሠራ መሆኑን ነገረው።

የንጉሡ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሩን ከዘጉበት ተጸጽቶ የመጣው ይጠፋል፤ ሁለተኛ ካጠመቁትም በኤፌሶን መልእክት በምዕራፍ 4 በቁጥር 5 ስለ አንዲት ጥምቀት የተነገረው ይፈርሳል። ቤተ ክርስቲያን ግን ለሁለቱም መልስ አላት። ከክህደት ለሚመለሰው መጽሐፈ ቄደር የሚባል ጸሎት አለ፤ በእርሱም ተጸልዮለት በንስሓ ይመለሳል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም። የጥር 11 ቀን ውሃም የበረከትና የመታሰቢያ እንጂ የዳግም ልደት አይደለም። በ1762 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ በዓሉን ያየው የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስም ወንዙ ለበዓሉ ተገድቦ እንደ ነበረ፥ ወጣቶችም እርስ በርሳቸው ውሃ ይረጫጩ እንደ ነበረ ከተናገረ በኋላ፥ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ዳግመኛ ይጠመቃሉ የሚለው ነገር ሐሰት ነው ብሎ ጽፏል።

ሦስተኛው ምክንያት ፈውስን መሻት ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 5 ለምጻሙ ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ እንደ ነጻ ተጽፏልና፥ ሕመምተኛም መካንም ተስፋ አድርገው ይወርዳሉ። ውሃውን በዕቃ ቀድቶ ወደ ቤት መውሰድም የቆየ ልማድ ነው፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ387 ዓመተ እግዚእ በአንጾኪያ ሲያስተምር፥ ሕዝቡ በዚህ በዓል በእኩለ ሌሊት ውሃ ቀድቶ ዓመቱን ሙሉ እንደሚያኖረው ተናግሯል።

አራተኛው ምክንያት አንድነት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ተረት እንደሚያስረዳው ሰው ሁሉ ያለውን ነጭ ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል፤ ጐልማሳው ለወደዳት ሎሚ ይወረውራል። በውሃው ዳር ግን የባለጠጋውም የድኃውም ገላ እኩል ይንቀጠቀጣል። ይህ በዓል በ2012 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የተጻፈውም የሕዝብ ሁሉ በዓል ስለ ሆነ ነው።

በሌላውም አገር እንዲሁ ይደረጋል። የመስኮብ ሰዎች በዚሁ ሰሞን በረዶውን በመስቀል አምሳል ቈርጠው ሦስት ጊዜ ይጠልቃሉ፤ ግሪኮችም ካህኑ ወደ ባሕር የሚጥለውን መስቀል ዋኝተው ያወጣሉ። በአሜሪካ በኒውዮርክ ደግሞ ከ1903 ዓመተ እግዚእ ጀምሮ ለጤናና ለደስታ ብቻ በክረምት ባሕር የሚገባ ማኅበር አለ። ከዚህ የተነሣ ብርዱን መድፈር የሰው ሁሉ ጠባይ እንደ ሆነ ይታወቃል። የሚለየው የሚወርዱበት ምክንያት ነው።

ብርዱን መቻል ብቻውን ግን ጽድቅ አይደለም። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሰው ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ የልቡም ምት ይፈጥናል፤ ስለዚህ የልብ ሕመም ላለበትና ለሸመገለ ሰው አደጋ አለበት። ካህኑ የሚረጨው ጠብታ ለሁሉ ይበቃል፤ በጠብታና በመጥለቅ መካከል የበረከት ልዩነት የለምና። በቢቸናም በሞጣም ሽማግሌው በዳር ቆሞ ፊቱን ቢያስረጭ፥ ጐልማሳውም እስከ አንገቱ ቢጠልቅ፥ ሁለቱ የተቀበሉት አንድ ነው። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ሊመረመር የሚገባው ማን የበለጠ ቀዘቀዘ የሚለው አይደለም፤ ከባልንጀራው ተጣልቶ የወረደው ታርቆ ተመልሷልን የሚለው ነው እንጂ።