የማይቆጠር ተገልጋይ፦ መንግሥት፣ የግል ዘርፍና የወቅታዊ ሠራተኛ ጤና በኮኪትና በመተማ ቆላ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የሕዝብ አገልግሎትን መንግሥት ያቅርብ ወይስ የግል ዘርፉ የሚለው ክርክር ተገልጋዩን ቋሚ ነዋሪ አድርጎ ይነሣል። ይህ ጽሑፍ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚሠሩትን ወቅታዊ ሠራተኞች የጤና አገልግሎት መነሻ በማድረግ፣ የመንግሥት በጀትም ሆነ የገበያ ዋጋ ያላሰበው ተገልጋይ ባለበት ቦታ ቀዳሚው ጥያቄ ማን ያክም ሳይሆን ማን ይክፈል የሚለው እንደሆነ ይሞግታል።

1. መግቢያ

ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ አጨዳው ከዘገየ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የጉልበት ሠራተኞች ከደጋው ወደ መተማና ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳሉ። የአካባቢው ሀብት የሚሰበሰበው በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነው፤ በነዋሪነት መዝገብ ላይ ግን የሉም።

2. የሐሳብ ማዕቀፍ

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ለኅብረተሰቡ ጥቅማቸው ከፍ ያለ፣ ለግለሰብ ግን ወጪያቸውን የማይመልሱ ሥራዎች የመንግሥት ግዴታ መሆናቸውን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪንሰንት ኦስትሮም፣ ቻርልስ ቲቡና ሮበርት ዋረን ሌላ ጠቃሚ ልዩነት አከሉ፦ አንድ አገልግሎት እንዲኖር ወስኖ ወጪውን መሸፈንና አገልግሎቱን ራስ መስጠት የግድ የአንድ አካል ሥራ አይደሉም። መንግሥት ከፍሎ የግል ድርጅት ሊሠራ ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግም ወደዚህ አቅጣጫ ሄዷል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ለውድድር ከፍቶ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ደግሞ ለሌሎች ዘርፎች መንገድ አበጀ። ስልክ ግን የሚደውለው ሰው ራሱ የሚከፍልበት አገልግሎት ነው። ፈተናው የሚጀምረው ተጠቃሚው መክፈል ሲያቅተው፣ አለመታከሙም ለሌላው ሲተርፍ ነው።

3. የካላዛር ጉዳይ

ይህን ፈተና የሊሽማኒያሲስ አንድ ዓይነት ከሆነው ካላዛር የተሻለ የሚያሳይ በሽታ የለም። ተውሳኩ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። ዋነኛ ተጠቂው ከደጋ የመጣ፣ ሰውነቱ በሽታውን ያልለመደ፣ እርሻው ውስጥ ሜዳ ላይ የሚያድር ወጣት ሠራተኛ ነው።

መድኃኒቱ ለታማሚው በነጻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ የቆየው ሕክምና 17 ቀን የሚወሰድ የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ነው። በእነዚህ ቀናት ሠራተኛው የቀን ገቢውን ያጣል፤ ቀለብና መጓጓዣ ያስፈልገዋል፤ አስታማሚ ዘመዱ ያለው ሩቅ ነው። ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ ቀድሞ በየመድኃኒት ቤቱ ያወጣው ገንዘብም አለ። በነጻ የሚሰጥ መድኃኒት ብቻውን ሕክምናን ነጻ አያደርገውም።

ዳፋው ደግሞ በቆላው አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ሲታወቅ፣ ሕመሙ አስቀድሞ ወባ ተብሎ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር። ተመራማሪዎች ተውሳኩ ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ ይገምታሉ። እንዲህ ከሆነ በቆላው የተቆጠበው ወጪ በደጋው በሰው ሕይወት ተከፍሏል ማለት ነው።

4. ሁለቱም የማያዩት ሰው

የመንግሥት ድጎማ ቀመር ከሚመለከታቸው ዋና ነገሮች አንዱ የሕዝብ ብዛት ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚቆጥረውም ሰውን በሚኖርበት ቦታ ነው። የመተማ ጤና ጣቢያዎች በአጨዳ ወቅት የሚመጣባቸውን ሕዝብ የሚያስተናግዱት ለቋሚው ነዋሪ በታሰበ አቅም ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም አባላቱን የሚመዘግበው በየቤተሰቡና በየወረዳው ነው፤ አንድ የደጋ ገበሬ በአገሩ ሳለ የከፈለበት መድን ኮኪት ሲደርስ አብዛኛውን ጥቅሙን ያጣል።

ገበያውስ? የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ፍላጎቱን ተከትለው ፈጥነው ይከፈታሉ፤ የመንግሥት ተቋም በተዘጋበት ሰዓትም ይሠራሉ። ይህ ሊናቅ የማይገባ አገልግሎት ነው። ሆኖም የበሽታ ቅኝትንና የዝንብ ቁጥጥርን ማንም በዋጋ አይገዛቸውም። ክፍተቱን በአብዛኛው የሸፈኑት እንደ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያለ፣ በአብደራፊ ለዓመታት የሠራ ግብረ ሰናይ ድርጅትና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ናቸው።

የወቅታዊው ሠራተኛ መዘንጋት ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ ስደተኛ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤትና ኃላፊነቱ የታወቀ ዓለም አቀፍ ተቋም አለው። የሚቀርብለት አገልግሎት ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም ተጠያቂው ይታወቃል። በዚያው መንገድ የሚያልፈው ዜጋ ሠራተኛ ግን ይህን ያህል እንኳ የለውም።

5. ወጪውን ማን ይሸከም?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በቃል ስምምነትና በደላላ በሚቀጠር የቀን ሠራተኛ ላይ ይህን ማስፈጸም ግን አስቸጋሪ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በአንድ ወቅት ብዙ አሠሪ ይቀያይራልና። ስለዚህ ግዴታው በተናጠል ከሚጣል በጋራ ፈንድ ቢሰበሰብ ይሻላል።

መዋጮው በኩንታል ሰሊጥ ላይ ቢጣል፣ ምርቱን በኮንትሮባንድ ድንበር ለማሻገር ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። በአንጻሩ ሰፋፊ እርሻዎች የሚሠሩት ከመንግሥት በሊዝ በተወሰደ መሬት ላይ ነው። መሬት ድንበር አይሻገርም። በሊዝ ውሉ በሄክታር የሚታሰብ መጠነኛ የጤና መዋጮ ለመሰብሰብም ለመቆጣጠርም ይቀላል። ትንሽ ማሳ ያለው አርሶ አደርም ከዚህ ነጻ ሊሆን ይችላል። ባለሀብቶች ወጪ በዛብን ማለታቸው አይቀርም፤ ነገር ግን በአጨዳ መካከል ሠራተኛው ሲታመም የሚረግፈው ሰሊጥም የእነርሱ ነው።

6. መደምደሚያ

በኮኪት የመንግሥትና የግል ዘርፉ ድርሻ እንዲህ ሊከፈል ይገባል። የበሽታ ቅኝት፣ የዝንብ ቁጥጥርና የጥራት ክትትል ለገበያ የማይተዉ የመንግሥት ሥራዎች ናቸው። ምርመራውንና ቀላል ሕክምናውን መስፈርቱን ያሟላ የግል ክሊኒክ በውል ቢሠራው ጉዳት የለውም። ወጪውን ግን ከሠራተኛው ጉልበት የሚያተርፈው ባለሀብትና ሊዝ የሚሰበስበው መንግሥት ይጋሩት። ክልሉ የጤና መድን አባልነት ከወረዳ ወረዳ እንዲያገለግል ማድረግና የወረዳ በጀት ቀመር ወቅታዊውን ሕዝብ እንዲያካትት ማሻሻል አለበት። ይህ ሳይደረግ አገልግሎቱን ከመንግሥት ወደ ግል፣ ከግል ወደ መንግሥት ማዘዋወር ለወቅታዊው ሠራተኛ የሚለውጥለት ነገር አይኖርም።