የሽማግሌው ኤክዳል ጥፋት

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኢብሰንን «የዱር ዳክዬ» በየዓመቱ እናነብ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ሽማግሌው ኤክዳል የታሰረው ዛፍ ቆርጦ ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አዎ፣ ከመንግሥት ጫካ ያለ ፈቃድ አስቆርጦ ነው፤ ሸሪኩ ነጋዴው ቬርለ ግን ማስረጃ አልተገኘበትምና በነፃ ተለቀቀ። ይህን አልኩና ወደ ተምሳሌቱ አለፍኩ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዳክዬዋን ስናሳድድ ጫካውን እንረሳለን።

ኢብሰን ጫካውን የሚረሳ ሰው አልነበረም። በ1828 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) የተወለደባት ሼየን በእንጨት ንግድ የቆመች የኖርዌይ ከተማ ነበረች። አባቱም ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ገና ልጅ ሳለ ሀብታቸውን አጡ።

ንግዱ ከነሱ በፊት ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሆላንድ መርከቦች ጥድና መሰሎቹን ፍለጋ የኖርዌይን ዳርቻ ይመላለሱ ነበር። ሆላንድ ረግረግ እንጂ ጫካ የላትም፤ ቤት ለመሥራት መጀመሪያ ጭቃው ውስጥ ግንድ መትከል ግድ ነው። ዛሬ ቤተ መንግሥት የሆነው የአምስተርዳም የቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ብቻውን በ13,659 የእንጨት ችካሎች ላይ ቆሟል። በ1594 ደግሞ ሆላንዶች በነፋስ የሚሠራ መጋዝ አቆሙ። ግንዱን ይገዛሉ፣ ይሰነጥቃሉ፣ መርከብ ያደርጉታል፤ በዚያው መርከብ ተመልሰው ሌላ ግንድ ይገዛሉ! ለንደን በ1666 ስትቃጠልም እንጨት ሻጮቹ ኖርዌዮች በእሳቱ ጥሩ አድርገው ሞቁ ተባለ።

ችግሩ የሻጩ ኑሮ በገዢው ደጅ መንጠልጠሉ ነው። በ1807 ከኮፐንሃገን መደብደብ በኋላ ዴንማርክ ከናፖሊዮን ጎን ስትሰለፍ፣ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር የነበረችው ኖርዌይ የእንግሊዝ ገበያዋ ተዘጋባት፤ የውጭ እህልም ተቋረጠባትና ረሃብ ገባ። እንግሊዝ በበኩሏ ባልቲክ ቢዘጋብኝስ ብላ ፊቷን ወደ ካናዳ አዞረች። በ1821 በወጣው ሕግ ከሰሜን አውሮፓ ለሚመጣ 50 ኪዩቢክ ጫማ እንጨት ቀረጡ 55 ሺሊንግ፣ ለካናዳው 10 ሺሊንግ ሆነ። አትላንቲክን አቋርጦ የመጣው ከጎረቤት የመጣውን አስናቀ ማለት ነው። መርከብ እንጨቱን የሚከተል ይመስለናል እንጂ የሚከተለው ቀረጡን ኖሯል።

ቀረጡ ከ1842 ጀምሮ እየወረደ በ1866 ቀረ። ያኔ ተራው የስዊድን ሆነ፤ በሱንድስቫል አካባቢ ከ1849 ጀምሮ በእንፋሎት የሚሠሩ መጋዞች ተተክለው ነበርና። ገዢው እጁን ሲሰበስብ ግን የመጋዝ ቤት ባለቤቶች የሠራተኛውን ደመወዝ ቀነሱ። በ1879 5 ሺህ ያህል ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ለባለቤቶቹ መንግሥት ብድር ሰጥቷቸዋል፤ ለሠራተኞቹ ግን ወታደርና የጦር ጀልባ ላከባቸው። ያለ ጭማሪ ወደ ሥራ ተመለሱ።

በ2022 የአውሮፓ ኅብረት በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የሩሲያን እንጨት ከለከለ። ከድንበር ማዶ ግንድ እያስመጡ ይሠሩ የነበሩ የፊንላንድ ፋብሪካዎች ወደ ራሳቸው ጫካ ዞሩ።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢጠይቀኝ ተምሳሌቱን አቆየውና ከቬርለ የሂሳብ መዝገብ እጀምርለታለሁ።