ብቅል ለምን አይቆላም?

ጣና ዳር ጠላ የምትጠምቅ እናት እህሏን በሁለት መንገድ ትይዛለች። የእንኩሮውን እህል ትቆላለች፣ ታስፈጫለች፣ ዱቄቱን በውኃ አርሳ ምጣድ ላይ ታበስለዋለች። ብቅሉን ግን እሳት አታስነካውም። ገብሱን ወይም ዳጉሳውን ነክራ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ እስኪያጎነቁል ጥቂት ቀን ታቆየዋለች፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥታ ታስፈጨዋለች። ለምን እንደማትቆላው ብትጠየቅ ጠላው እንደማይሆንላት ትናገራለች። መልሷ ትክክል ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የአውሮፓ ኬሚስቶች ከሰማንያ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ ከዚያ ድካም የተወለደው እውቀት ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ኢንዛይም ኪነቲክስ እየተባለ ይሰጣል።

የጠላ ታሪክ በጣና ዙሪያ ሲነሳ የጌሾው አገር ዘጌ አይዘለልም። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በሬ መጥመድና ዛፍ መቁረጥ የተከለከለው፣ ቡና፣ ጌሾና ሎሚም ለሕዝቡ መተዳደሪያ የተሰጡት በአቡነ በትረ ማርያም አማካይነት ነው። ስለዚህ የዘጌ ሰው ጌሾና ቡናውን ይሸጣል፣ እህሉን ከውጭ ይገዛል። ጌሾው በታንኳ፣ በኋላም በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ከጎጃም ገብስና ዳጉሳ ጋር ይገናኛል። ለጌሾ መራራነቱን ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አንዱን ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና የሥራ ባልደረባቸው ለይተው እ.ኤ.አ. በ1995 ጌሾይዲን በሚል ስም አሳውቀዋል። እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው ግን ብቅሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1833 አገራችን በዘመነ መሳፍንት ፍልሚያ ውስጥ ሳለች፣ ፓሪስ ላይ አንሴልም ፓየን እና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች የገብስ ብቅል ወቅጠው በውኃ ዘፈዘፉ። ውኃውን አጥልለው አልኮል ሲጨምሩበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ዝቃጩ ስታርችን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ በእነርሱ ስሌት አንድ እጁ 2000 እጅ ስታርች ያሟሟል። ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሥራው ይፈጥናል፤ ከፈላ ግን ኃይሉ ድራሹ ይጠፋል። ዲያስታስ አሉት። ዛሬ አሚሌዝ የምንላቸው ኢንዛይሞች በውስጡ ነበሩ፤ ከሕያው ነገር ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይምም ይኸው የብቅል ዝቃጭ ነው።

ለእናቲቱ የቀረበው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። የሚሠራው በልዩ አኳኋን ተጣጥፎ እስከቆየ ድረስ ስለሆነ፣ ብርቱ እሳት መታጠፊያውን ፈትቶ ያበላሸዋል። ስታርቹ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በጥሬ እህል ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ስለተቀመጠ አሚሌዙ እንደ ልብ አይደርስበትም። ውኃና ሙቀት ሲያገኘው አብጦ ይከፈታል። ስለዚህ የሚሠራበት ይበስላል፣ ሠሪው ጥሬውን ይቀመጣል። ይህን የሥራ ክፍፍል ያለ ቴርሞሜትር፣ በእጅ ልምድ ብቻ ደርሰውበት ለልጅ ልጅ ያስተላለፉት ሴቶች በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ስፍራ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ቀጣዩ ጥያቄ የፍጥነት ነበር። የሚለወጠው ነገር ቢበዛ ኢንዛይሙ የዚያኑ ያህል ይፈጥናል? ጥያቄውን አጥብቀው የያዙት አሁንም የመጠጥ ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ የቢራ ከተማ በበርተን፣ የባስ ቢራ ፋብሪካው ኬሚስት ኮርኔሊየስ ኦሱሊቫን ከቶምፕሰን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1890 ኢንቨርቴዝን መረመረ። ይህ ከእርሾ የሚወጣና የሸንኮራ ስኳርን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚከፍል ኢንዛይም ነው። ንቦችም የራሳቸው ኢንቨርቴዝ አላቸው፤ የአበባውን ጣፋጭ ፈሳሽ ወደ ማር ሲለውጡ የሚሠራላቸው እርሱ ነው። ኦሱሊቫንና ቶምፕሰን ኢንዛይሙ ስኳር ባለበት፣ ከሌለበት ይልቅ 25 ዲግሪ ያህል የበለጠ ሙቀት እንደሚችል አዩ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር፤ ኢንዛይሙ ስኳሩን ይይዘዋል፣ የያዘውም ነገር ይጠብቀዋል ማለት ነው። ኢንዛይሙ የሚይዘውና የሚለውጠው ነገር ሰብስትሬት ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1902 በበርሚንግሃም የብቅልና የጠመቃ ፕሮፌሰር የነበረው አድሪያን ብራውን ስኳሩን ደጋግሞ ቢጨምርም ፍጥነቱ ከአንድ ልክ እንደማያልፍ አሳየ። ዘጌ ዳር የሚያሻግሩ ታንኳዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው እንበል። ተሻጋሪው ጥቂት ሲሆን በመጣ ቁጥር የሚሻገረው ይጨምራል፤ ታንኳዎቹ ሁሉ ከተያዙ በኋላ ግን የሚመጣው ሰው ዳር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ብራውን ያየው ጣሪያ ይህ ነው፤ የዛሬ መጻሕፍት ቪማክስ ይሉታል። በዓመቱ ቪክቶር ሄንሪ ፓሪስ ላይ ነገሩን በሒሳብ ቀመር ጻፈው።

ቀመሩን አጥርተው በልኬት ያጸኑት ሊዮኖር ሚካኤሊስ እና ከካናዳ ኦንታሪዮ በርሊን ድረስ የሄደችው ሐኪም ሞድ ሜንተን ናቸው። ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1913፣ ዐፄ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት ነው። ከቀደሟቸው የተሻሉበት ጥንቃቄ ሁለት ነው። የውኃውን አሲድነት አንድ ልክ ላይ አጽንተው ያዙ፤ የለኩትም የመጀመሪያውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የሚወጡት ግሉኮስና ፍሩክቶስ እየበዙ ሲሄዱ ኢንዛይሙን ያግዱታል።

ያገኙት ቁጥር ሊታይ ይገባል። ፍጥነቱ የጣሪያውን እኩሌታ የሚያህለው በሊትር 0.0167 ሞል፣ ማለትም 5.7 ግራም ያህል ስኳር ሲኖር ነው። ይህ መጠን የሚካኤሊስ ቋሚ፣ በአጭሩ ኬኤም ይባላል። በሊትር 51 ግራም ገደማ ሲደርስ ፍጥነቱ የጣሪያው 90 በመቶ ይሆናል። ስኳሩን እንደገና በእጥፍ አሳድገን 103 ግራም ብናደርሰው የምናተርፈው የጣሪያውን 5 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ማለት ይገባል። ኬኤም ሲያንስ ኢንዛይሙ ለሰብስትሬቱ ያለው ቅርበት ይበልጣል እየተባለ ይሸመደዳል። ሐሳቡ ከ1913ቱ ግምት የመጣ ነው፦ ኢንዛይሙ የያዘውን ሰብስትሬት መልሶ የሚለቅበት ፍጥነት፣ ለውጦ ከሚያወጣበት ፍጥነት እጅግ ይበልጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ካምብሪጅ ላይ ብሪግስ እና ሃልዴን ይህ ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ አሳዩ። በእነርሱ ስሌት ኬኤም የመልቀቁንና የመለወጡን ፍጥነት ደምሮ ለመያዙ ፍጥነት ያካፍላል። ስለዚህ ሰብስትሬቱን አጥብቆ የሚይዝ ኢንዛይም ለውጦ ለማውጣት እጅግ ፈጣን ከሆነ ኬኤሙ ከፍ ሊል ይችላል። ኬኤም የቅርበት መለኪያ የሚሆነው የመለወጡ ደረጃ ዘገምተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ሳያስረዱ ቀመሩን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍ ተማሪውን መበደል ነው።

ወደ ጠላው ጋን እንመለስ። በድፍድፉ ውስጥ አሚሌዙ ስታርቹን እየቆረጠ ማልቶስ ያወጣል፤ ማልቶስ ሲጠራቀም ከአሚሌዞቹ አንዱን ያግዳል። ነገር ግን እርሾው እዚያው ጋን ውስጥ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ስለሚለውጠው እንቅፋቱ አይከማችም። የፋብሪካ ቢራ ስኳሩን አስቀድሞ በሙቅ ውኃ በሰዓታት ያወጣና እርሾውን በኋላ ይጨምራል። የጣና ዳር ጠላ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጋን፣ በአየሩ ሙቀት፣ በቀናት ይሠራል። ዘገምተኛ ነው፤ አሠራሩ ግን የተሟላ ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት በ1965 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ የመምህራን ቤት ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለከተማዋ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራን ነው። የብቅል ዱቄት በውኃ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉ፤ ስታርች በውኃ አፍልታችሁ በተለያየ መጠን አቅጥኑ፤ አዮዲን ጠብ አድርጋችሁ የብቅሉን ውኃ ስትጨምሩበት ሰማያዊው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንዴት እንደሚደበዝዝ ተማሪዎቹ በሰዓት ይለኩት። በአንዱ ብርጭቆ የፈላ የብቅል ውኃ ጨምሩና ሰማያዊው ሳይለቅ ሲቀር አሳዩአቸው። ጠላ የምትጠምቅ እናትም ወደ ክፍሉ ጋብዙና ብቅል ለምን እንደማይቆላ መጀመሪያ እርሷ ትናገር።