የመንጋጋ አጥንት ሙሌት

ጥርስ ተነቅሎ ቁስሉ ሲድን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ከድዱ ሥር ግን ገና መጀመሩ ነው። ጥርስን አቅፎ የያዘው የመንጋጋ ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው፤ ጥርሱ ሲሄድ እሱም ሥራ ፈትቶ ይመነምናል። በመጀመሪያው ዓመት የአጥንቱ ውፍረት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚሟሽሸውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ጥርሳቸውን የጨረሱ አረጋውያን ጉንጫቸው የሚሰረጉደው፣ አገጫቸውም ወደ አፍንጫቸው የቀረበ የሚመስለው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ይህን የሳሳ አጥንት መልሶ ለማወፈር የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች «ቦን ግራፍት» ይሉታል። በአማርኛስ?

ከኩላሊት ሕክምና የለመድነው «ንቅለ ተከላ» ቅርብ ቃል ነው። እኔ ግን እዚህ ቦታ አልቀበለውም። ጥርሱን ተነቅሎ የመጣ ሰው «ንቅለ ተከላ» ሲባል ሌላ ጥርስ ሊነቀልበት ይመስለዋል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። የተተከለ ኩላሊት ራሱ ሕያው ሆኖ ይሠራል። በመንጋጋ ላይ የሚደረገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሌለው ደቃቅ ቅንጣት ነው። አገልግሎቱ ግንበኛ ቆሞበት እንደሚሠራው የባሕር ዛፍ ርብራብ ነው፦ በቅንጣቶቹ መካከል የደም ሥሮች ይዘልቃሉ፣ የበሽተኛው የራሱ ሕዋሳት ይከተላሉ፣ ቀስ በቀስም አዲስ አጥንት ይገነባሉ። ስለዚህ «የመንጋጋ አጥንት ሙሌት» ብንለው ይሻላል። ጥርስ ከማስሞላት ጋር እንዳይምታታ «የመንጋጋ አጥንት» የሚለው አይቅር።

መሙያው ከበሽተኛው ከራሱ አገጭ ወይም ዳሌ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ሕያው ሕዋስ ስላለው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቁስል ያመጣል። ከሌላ ሰው የተለገሰና የታከመ አጥንት፣ ከከብት የተዘጋጀ ወይም ከካልሲየም ማዕድን የተሠራም አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1668 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም የዮብ ፋን ሜከረን ጽሑፍ፣ የራስ ቅሉ የተጎዳ አንድ ሩሲያዊ በውሻ አጥንት መጠገኑን ይተርካል። ቤተ ክርስቲያን ስላወገዘችው አጥንቱ እንዲወጣለት ቢለምንም፣ ከራስ ቅሉ ጋር ተዋሕዶ ስለነበር ማውጣት አልተቻለም ይባላል።

ሙሌቱ ላይ ብዙ ጊዜ ስስ ሽፋን ይደረግበታል። ድድ ከአጥንት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ካልተከለከለ የአጥንቱን ቦታ ይቀማል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ። አጥንቱ ሲጠነክር የታይታኒየም ብሎን ይገባበትና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይታሰርበታል። ሲጋራ ማጨስና ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ ይህን ሁሉ ሊያበላሹት ይችላሉ።

ጥርስ የጎደለው ሁሉ ሙሌት አያስፈልገውም፤ ተነቃይ ጥርስ ወይም በአጠገቡ ባሉት ጥርሶች ላይ የሚታሰር «ድልድይ» የሚበቃው ብዙ ነው። ብሎን የሚያስቡ ከሆነ ግን ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ጉድጓዱን በዚያው ዕለት መሙላት መሟሸሹን ይቀንሳል። መሙያው ከምን እንደተሠራም ይጠይቁ። ከከብት፣ ከአሳማ ወይስ ከሰው? ለእምነትዎም ለኅሊናዎም የሚበጀውን መምረጥ የእርስዎ መብት ነው።