ከሐኪሙ ቀድመው የደረሱ

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት፣ ገበያና ጋብቻ ግን መልሶ ያገናኛት ከተማ ናት። በኬንያው ወገን የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ አብዛኛውን ጊዜ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝለት ክሊኒካል ኦፊሰር ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያው ወገን ቢታከም ደግሞ ጤና መኮንን ሊቀበለው ይችላል። ሕዝቡ ሁለቱንም «ዶክተር» ብሎ ይጠራቸዋል። የትምህርት ማዕረጋቸው ግን ሌላ ነው፤ ታሪካቸውም እንዲሁ። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ እንቃኛለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኢትዮጵያ ከጣልያን ወረራ ነፃ በወጣችበት በ1941 የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። በገጠር ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው በሆስፒታል ጥቂት ሥልጠና ያገኘው ድሬሰር ነበር። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። በተከታዩ ዓመት በ1954 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1964 መሆኑን ስናስብ፣ በአገር ውስጥ በመሠልጠን ረገድ ጤና መኮንኑ ሐኪሙን ቀድሞታል ማለት ነው።

የጎንደሩ ትምህርት ሦስት ዓመት በክፍልና በሆስፒታል፣ ከዚያም አንድ ዓመት በሥራ ላይ ልምምድ የሚሰጥ ነበር። ከጤና መኮንኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አብረው ይሠለጥኑ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናትና ሕፃን ትከታተላለች፣ ሌላው የምንጩን ንጽሕናና የመጸዳጃውን ጉድጓድ ይመለከታል። ጤና መኮንኑ የቡድኑ መሪ ነው። ስለዚህም «የሐኪም ረዳት» የሚለው ስም አይስማማውም፤ በሚሠራበት ስፍራ የሚረዳው ሐኪም አልነበረምና።

የኬንያው ታሪክ ከዚህ ይለያል። በቅኝ ግዛት ዘመን ሜዲካል አሲስታንት የሚባሉ ባለሙያዎች ከሐኪሞች ሥር ሆነው ሠልጥነዋል። የዛሬው የኬንያ የሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ ጅማሬውን ከ1927 ይቆጥራል። በ1988 የወጣው ሕግ ክሊኒካል ኦፊሰሮችን የሚመዘግብና ፈቃድ የሚሰጥ ምክር ቤት አቋቋመላቸው፤ የግል ሕክምና የሚሰጡበትንም በር ከፈተ። በ2017 በአዲስ ሕግ ተተክቷል። መሠረታዊው ዲፕሎማ ሦስት ዓመት ትምህርትና አንድ ዓመት ልምምድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሕፃናት፣ በዐይን ወይም በማደንዘዣ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የሚወስዱ አሉ።

አሜሪካም በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዩጂን ስቴድ መሪነት ተመሳሳይ ሙያ ስትጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ተማሪዎች በባሕር ኃይል ውስጥ ሕክምና የሠሩ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ጎንደር በዐሥራ አንድ ዓመት ቀድማለች። ልዩነቱ የአሜሪካው ባለሙያ ከሐኪም ጋር እንዲሠራ መታሰቡ ነው።

በ1970ዎቹ ግን የጎንደሩ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ። በ1978 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ኮሌጁ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪም ማፍራቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የገጠሩ ጤና ጣቢያ ተተኪ መሪ አጣ። ሥልጠናው ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቶ ዳግመኛ ተጀመረ፤ በ2005 ደግሞ 5,000 ጤና መኮንኖችን በፍጥነት ለማፍራት ያለመ ዕቅድ ተነደፈ። በ2009 ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ትምህርት ተጀመረ። ምጥ የጠናባት እናት በአቅራቢያዋ በቀዶ ሕክምና እንድትገላገል ያደረገ እርምጃ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? እነዚህ ባለሙያዎች «ሐኪም እስኪበዛ» የተቀመጡ ጊዜያዊ መጠገኛዎች ተደርገው በታዩ ቁጥር የሚጎዳው ከከተማ የራቀው ሕዝብ ነው። ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ድንበሩን በሽታውም በሽተኛውም ይሻገሩታል፤ የሙያ ፈቃዱ ግን በየአገሩ ሕግ የተሰጠ ስለሆነ በራሱ አይሻገርም። ለሕመምተኛው ቁም ነገሩ የባለሙያው መጠሪያ አይደለም፤ በሚገባ ሠልጥኖ፣ ተመዝግቦ፣ በቦታው መገኘቱ ነው።