የጆሮ ማሳከክና መደፈን

የጆሮ ማሳከክና መደፈን ብዙ ጊዜ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ምልክቶች ናቸው። በራሳቸው በሽታ አይደሉም፤ ከኩክ መጠራቀም፣ ከቆዳ ድርቀት፣ ከፈንገስ፣ ከጉንፋን ወይም ከአየር ግፊት ለውጥ ሊመነጩ ይችላሉ። በአየር ጤናም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ጆሮው የበላው ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ክብሪት እንጨት፣ ወደ መርፌ ቁልፍ፣ ወደ እስክሪብቶ ክዳን ወይም ጥጥ ወደተጠቀለለበት የጆሮ መጥረጊያ ነው። ቀላሉን ማሳከክ ወደ ቁስለትና ወደ መደፈን የሚያሸጋግረው በአብዛኛው ይኸው ልማድ ነው።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ኩክ የሚመረተው በውጭኛው አንድ ሦስተኛው ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ዕጢዎች የሚያወጡት ፈሳሽና ቅባት ከሞተ ቆዳ ጋር ሲቀላቀል ኩክ ይሆናል። ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ውሃ እንዳይዘልቅ ይከላከላል፣ አሲድነቱም ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳይራቡ ያግዳል። የቀዳዳው ቆዳ ደግሞ ከታምቡሩ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ስናኝክና ስናወራ የመንጋጋችን እንቅስቃሴ ኩኩን አብሮ ይገፋዋል። ጆሮ ራሱን ያጸዳል የሚባለው ለዚህ ነው። እንጨት ሲገባበት ግን ጥቂቱ ኩክ ይወጣና የቀረው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ታምቡሩ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ውፍረት ያለው ስስ አካል በመሆኑ እንጨቱ ጆሮ ውስጥ እያለ ክርናችንን የሚገፋ ሰው ቢኖር ሊቀደድ ይችላል።

የኩክ ዓይነት በዘር የሚወሰን ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት እርጥቡንና ደረቁን ኩክ የሚለየው አንድ ጂን ነው፤ በምሥራቅ እስያ ደረቁ፣ በአፍሪካና በአውሮፓ እርጥቡ ይበዛል። የሚያጣብቅ ቡናማ ኩክ ያለው ኢትዮጵያዊ ስለ ንጽሕናው የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

የማሳከክ ቀንደኛ መነሻ የቆዳ መድረቅ ነው። በሳሙናና በእንጨት ተጠርጎ ኩኩ ያለቀበት ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካል፤ ሲታከክ ይላጣል፣ የተላጠው ሲድን እንደገና ያሳክካል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ጆሮን መተው ብቻ ነው። ኤግዚማ፣ ፎረፎር የሚያመጣው የቆዳ መቆጣት፣ ኒኬል ያለበት የጆሮ ጌጥ፣ ቀኑን ሙሉ የማይወልቅ የጆሮ ማዳመጫም ያሳክካሉ። ፈንገስ ከሆነ ማሳከኩ እጅግ ይበረታል፤ ሐኪም በመሣሪያ ሲያይ እርጥብ ወረቀት የመሰለ ነገር፣ አንዳንዴም ጥቋቁር ነጠብጣብ ያገኛል። ከፋርማሲ በግምት የተገዛ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ፈንገሱን አይገድለውም፤ ጭራሽ እንዲንሰራፋ መንገድ ይከፍትለታል። የጤና አዳም ጭማቂ ወይም ቅቤ ጆሮ ውስጥ ማንጠብጠብ ከእናቶቻችን የወረስነው መላ ቢሆንም፣ ንጹሕ ያልሆነ ነገር በተቀደደ ታምቡር አልፎ ወደ መካከለኛው ጆሮ ስለሚገባ መተው ያለበት ነው።

መደፈን ብዙ ጊዜ ከውሃ በኋላ ይከሰታል። በጳጉሜን ዝናብ ወይም በጸበል የተጠመቀ ሰው በድንገት አንድ ጆሮው ቢዘጋበት፣ ቀድሞ የተጠራቀመው ኩክ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰው የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ እንደሚለው የተጠቀጠቀ ኩክ ከ10 ሕፃናት በአንዱ፣ ከ20 አዋቂዎች በአንዱ፣ ከአረጋውያን ደግሞ ከሲሶ በሚበልጡት ላይ ይገኛል።

ሌላው መደፈን የግፊት ነው። የጅማ መንገድ አየር ጤናን አልፎ በሰበታና በወልቂጤ በኩል ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። የውጩ አየር ሲከብድ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ሲከፈት ግፊቱ ይስተካከላል። መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ማስቲካ ማኘክ ቱቦውን ይከፍታሉ፤ ሕፃንን በቁልቁለቱ ላይ ማጥባት ይረዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ቱቦው ስለሚያብጥ መደፈኑ ለቀናት ሊቆይበት ይችላል።

ለጠነከረ ኩክ የሚበጀው ማለስለስ ነው። ለብ ያለ የወይራ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መግል ያለበት፣ ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ጆሮው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ምንም ማስገባት የለበትም። ካልወጣ ባለሙያ ያጥበዋል፤ ውሃው የሰውነት ሙቀት ያለው፣ 37 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ወይም ሞቃት ውሃ የሚያዞርበትን ምክንያት የመረመረው ሮበርት ባራኒ በውስጠኛው ጆሮ የሚዛን ሥራ ላይ ባደረገው ጥናት የ1914ቱን (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሕፃን ሽንብራ ወይም ባቄላ ጆሮው ውስጥ ከከተተ ግን በውሃ ማጠብ አይገባም፤ ፍሬው ያብጣል። የሰዓት ባትሪ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ስለሚያቃጥል ወዲያው ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ የሚገኘውና በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው ይታወቃል፤ ለማይለቅ የጆሮ ኤግዚማ ቅርቡ ቦታ ነው። የአንገት በላይ ስፔሻሊስቶች በቅዱስ ጳውሎስና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች አሉ። የስኳር ሕመምተኛ ጆሮው እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ካመጣ ሳይዘገይ መታየት አለበት፤ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል።

በአንድ ጆሮ ላይ በድንገት የመጣ መደፈን የመስሚያ ነርቭ መጎዳት ሊሆን ይችላል። አፍን ዘግቶ «እምም» ማለት ፍንጭ ይሰጣል፤ በኩክ የተዘጋ ከሆነ ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ይጎላል፣ ነርቭ ከሆነ በጤነኛው። የነርቩ ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው። ድምፁ በጤነኛው ጆሮ ከጎላ ኩክ ነው ብለው አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።