ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ያልጠፋባት ፒክአፕ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዝናቡም ገና አላባራም። ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። አንዲት ያረጀች ቶዮታ ሃይሉክስ ሽንኩርት ጭና ከቢሾፍቱ ተነሳች፣ ዱከምን አለፈች፣ ቃሊቲ ላይ ከጭቃውም ከመኪናውም ጋር ስትታገል አረፈደች፣ ከዚያም ዑራኤልን አልፋ ባምቢስ ስትደርስ መንተፋተፍ ጀመረች፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጣት ይብስባታል። ያ የግሪኮቹ ሱፐርማርኬት ስሙን ያወረሰው ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እዚያ ጥግ ይዛ ቆመች።

የሰፈሩ አንጋፋ መካኒክ ተጠሩና ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ መጡ፣ ድምጿን ሰሙና «ፊልትሮዋ ነው» አሉ። ረዳቱ ልጅ ቸኩሎ ኮፈኑን ከፈተ፣ መፍቻውንም ይዞ የፊልትሮውን ብሎን ሊፈታ ሲል፣ ሽማግሌው የእጁን አንጓ በሁለት ጣት ያዝ አደረጉና «ቆይ አቡሽ፣ ጠፋች እንጂ መች ተነፈሰች» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ይህቺ እንደ ጥንቶቹ ባለ ካርቡራተር አይደለችም፤ 22 አር-ኢ የሚሉት ባለ 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው ያላት። ፓምፑ ሰልባትዮው ውስጥ ተቀምጦ ቤንዚኑን ወደ 3 ባር በሚጠጋ ግፊት ይገፋዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ ቱቦው ውስጥ ታምቆ ይቆያል፤ ያኔ ብሎኑ ቢላላ ቤንዚኑ ዓይን ላይ ይረጫል፣ ከዚያም የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ያርፋል።

አጠገባቸው አንዲት ልጅ ቡና ታፈላ ነበር። ሽማግሌው የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሳበ ከሰሉ ጋ እንደሚደርስ ያውቃሉና፣ መኪናዋን ራቅ አስገፏት፣ ሞተሩም እስኪበርድ ቡናቸውን ጠጡ። ከዚያ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈቱና ትንሽ እስ አለ። ልጁ ፓምፑን ሊያቆም ብሎ ኢኤፍአይ ተብሎ የተጻፈበትን ፊውዝ ሊነቅል ሲል «ጋሼ፣ ይኸኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይ፣ እሱማ ኮምፒውተሩንም አብሮ ይገድለዋል፤ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋና ግፊቱ እዚያው ይቀራል» አሉት። ልጁም ከስር ገባና ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሶኬት ብቻ ነቀለ።

ከዚያ ሞተሩን አስነሱት፤ መስመሩ ላይ የቀረውን ቤንዚን እየበላ ቆየ፣ ሳል ሳል አደረገውና ጠፋ። ጥቂት ሰከንድ ደግመው ሞተሩን አዞሩት፣ ቁልፉን ዘጉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈቱ። በመጨረሻ ጣሳ ከስር አድርገው፣ ብሎኑን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፣ መፍቻውን በጥቂቱ፣ እጅግ በጥቂቱ አዞሩት፤ ጨርቁ ብቻ ረጠበ። አዲሱ ፊልትሮ ከአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ጋር ገባ፤ ሶኬቱና ባትሪው ተመለሱ፤ ሞተሩ ተነስቶም መጋጠሚያው እንደማያንጠባጥብ በእጅ ባትሪ እያበሩ አዩት፣ ሽንኩርቱም መንገዱን ቀጠለ።

ናፍጣ የምትነዱ ግን ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት፤ የድሮው ናፍጣ ሃይሉክስ ጣጣው አየር ማስወጣት ነውና ሌላ ቀን እንጫወተዋለን። ባለ ቤንዚኖቹ ደግሞ ብሎን ከመንካታችሁ በፊት የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጉ። ከተቀጣጠለ ውሃ አትድፉበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።